መጽሐፍ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ባለፈው ወር አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቢሮዬ መጣች። የዚህን ዓመታዊ መጽሔት ጽሑፎች ሲያርሙ ከከረሙት ልጆች አንዷ ናት። «ቲቸር፣ ይህን እኛ የምንሠራውን ሥራ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ቸኩዬ ስለነበር «ለጊዜው አካውንቲንግ ተማሪ፤ የመጽሐፉ ነገር በኋላ ይደርሳል» አልኳት። አመስግናኝ ወጣች። ማታ ሳስበው ግን ጥያቄዋን እንዳልመለስኩላት ገባኝ። መልሱ ለሌሎች ሴት ልጆቻችንና ለወላጆቻቸውም ስለሚጠቅም እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማተሚያ ቤት የቀረበለትን ሥራ በወረቀት ላይ አትሞ፣ ጠርዞ ያስረክባል። አሳታሚ ግን ረቂቁን የሚመርጠው፣ ከደራሲው ጋር የሚዋዋለው፣ ወጪውን የሚሸፍነውና መጽሐፉ ባይሸጥ የሚከስረው ነው። በአሳታሚ ቤት ውስጥ አርታዒ፣ አራሚ፣ ገጽ አቀናባሪ፣ የሽፋን ሠዓሊ፣ የሒሳብና የሽያጭ ሠራተኞች አሉ። ስለዚህ በሩ አንድ ብቻ አይደለም።

የአርታዒና የአራሚ ሥራ ምን እንደሚመስል በአማርኛችን ላሳያችሁ። አንድ ደራሲ በአንድ ገጽ «ዓለም»፣ በሌላው «አለም»፤ አንዴ «ፀሐይ»፣ አንዴ «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ገጽ መጠበቅ ያስፈልጋል። በምዕራፍ ሁለት የሞተ ሰው በምዕራፍ አምስት ቡና ሲጠጣ ከተገኘም ይህን ማየት ያለባት አርታዒዋ ናት። ሒሳብም አለበት። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። 160 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ10 ወረቀት ያልቃል። ጽሑፉ 161 ገጽ ከሆነ ግን ለአንዲት ገጽ ሲባል ተጨማሪ ወረቀት ይገባል፤ ወጪውም በሺህ ቅጂ ይባዛል። ጥቂት መስመሮችን የምትቀንስ ጎበዝ አርታዒ ይህን ሁሉ ወጪ ታድናለች።

አሁን ወደ አንዲት ወጣት ሴት ታሪክ ልለፍ። ማርጋሬት ባዝቢ በ1944 እ.ኤ.አ. ጋና ውስጥ ተወለደች። ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጥንታ በ20 ዓመቷ ተመረቀች። ለአጭር ጊዜ በአንድ አሳታሚ ቤት ተቀጥራ እየሠራች፣ ክላይቭ አሊሰን ከሚባል ወጣት ጋር የራሳቸውን ድርጅት ለማቋቋም ተነሡ። በ1967 እ.ኤ.አ. «አሊሰን ኤንድ ባዝቢ» የመጀመሪያዎቹን የግጥም መጻሕፍት አወጣ። ቅጂው ብዙ፣ አከፋፋይ ግን የለም። ስለዚህ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ሸጡ። በብሪታንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አሳታሚ የሆነችው እንዲህ ጀምራ ነው።

ድርጅቱን ለ20 ዓመት ያህል በአርታዒነት መራች። የናይጄሪያዊቷን የቡቺ ኤሜቼታን ልብ ወለዶች አሳተመች። የጎረቤታችን የሶማሊያ ደራሲ ኑሩዲን ፋራህ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልብ ወለድም በዚሁ ቤት የታተመ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ የአፍሪካ ተወላጅ ሴቶችን ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ሰብስባ አቀረበች። በ2020 እ.ኤ.አ. የቡከር ሽልማት ዳኞች ሰብሳቢ ስትሆን ለመጨረሻው ዙር ካለፉት መካከል የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ ነበረች።

በአካባቢያችንም ምሳሌ አለ። ካምፓላ ውስጥ የኡጋንዳ ሴቶች ደራስያን ማኅበር፣ «ፌምራይት»፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተቋቁሞ የአባላቱን መጻሕፍት ራሱ ማሳተም ጀመረ። የሚያሳትምላቸው እስኪመጣ ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

ይህን ሥራ ለምትመኚ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትይዣቸው ነገሮች አሉ። በግዕዝ ፊደል በፍጥነት መተየብ ተለማመጂ። እርሳስ ይዘሽ አንብቢ፤ ያልገባሽን ዐረፍተ ነገር አስምሪበትና ለምን እንዳልገባሽ ጻፊ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛና የምንኖርበትን አገር ቋንቋ ማወቅሽን አትናቂው፤ ለአሳታሚ ትልቅ ሀብት ነው። ሥራ ስትጀምሪ ያለ ውል አትሥሪ። «ልምድ ታገኛለሽ» ብሎ ያለ ክፍያ ወራት የሚያሠራሽ ካጋጠመሽ፣ እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ያረምሽው መጽሐፍ ላይም ስምሽ እንዲጻፍ ጠይቂ፤ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያመጣልሽ እሱ ነው።

ለወላጆች ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አነስተኛ ነው፤ ብዙዎች ከማስተማር ወይም ከትርጉም ሥራ ጋር አዳብለው ይጀምራሉ። ነገር ግን በስደት የሚያድጉ ልጆቻችን የሚያነቡት ጥሩ የአማርኛ መጽሐፍ ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደተቸገራችሁ አስታውሱ። ያንን መጽሐፍ አንድ ሰው ማዘጋጀት አለበት። የእናንተ ልጅ ብትሆንስ?

ተማሪዋን በማግሥቱ አስጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት። አካውንቲንግ መማሩን አልተቃወምኩም፤ ሒሳብ የማያውቅ አሳታሚ ብዙ አይቆይም። «በኋላ ይደርሳል» ያልኩትን ግን አንስቻለሁ። እርሷም ይህን ጽሑፌን ተቀብላ ሦስት ስሕተት አውጥታበታለች።