በረዶው ሲሳሳ የቤተሰቡ ሳምንት እንዴት ይትረፍ?

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወር ወደ አልፕስ ተራሮች የሚወስዱ መንገዶችና ባቡሮች ልጆቻቸውን ይዘው በሚጓዙ ቤተሰቦች ይጨናነቃሉ። ከቪየና፣ ከዙሪክና ከፓሪስ የተነሱ ወላጆች ሻንጣና መንሸራተቻ ጭነው ለሳምንት የተከራዩት ቤት ይደርሳሉ። በማግስቱ ጠዋት የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ሄልሜት አጥልቀው፣ ቀስ ብሎ በሚጓዝ ምንጣፍ መሰል ማመላለሻ ላይ ቆመው ትንሿን ቁልቁለት ይወጣሉ። አሠልጣኙ የሁለቱን መንሸራተቻ የፊት ጫፍ አቀራርበው ኋላውን እንዲከፍቱት ያሳያቸዋል፤ እግራቸው የፒዛ ቁራሽ ቅርጽ ሲይዝ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ከዚያም ይቆማሉ። ይህን ያየ ሰው የበረዶ ዕረፍት ተራራው ራሱ የሰጠው በረከት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ይህ ሳምንት ከተራራው ይልቅ የትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ፣ የባቡር ሐዲድና የሕዝብ ገንዘብ ውጤት ነው እላለሁ። በረዶው እየሳሳ ባለበት በዚህ ዘመን የትኛው ነገር መትረፍ እንዳለበት የሚወሰነውም ይህን በመረዳት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በስዊድን የስፖርት ዕረፍት የሚባለው ሳምንት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማገዶ እጥረት ስላስከተለ፣ ለማሞቂያ የሚውለውን ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማገዶ ለመቆጠብ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆቹም ሥራ ፈትተው እንዳይውሉ ከቤት ውጭ ስፖርት ተዘጋጀላቸው። ኦስትሪያም ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1974፣ ትምህርት ቤቶቿን በብርዱ ወራት ለአንድ ሳምንት ዘጋች፤ ሕዝቡም ሳምንቱን የኃይል ዕረፍት ብሎ ጠራው። የነዳጁ ችግር ቢያልፍም ዕረፍቱ ግን ጸንቶ ቀጠለ። ዛሬ የኦስትሪያ ክልሎች በተለያዩ ሳምንታት፣ የፈረንሳይም ሦስት ቀጠናዎች በየተራ ትምህርት ቤቶቻቸውን ይዘጋሉ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ቢወጣ መንገዱም አልጋውም አይችለውምና። እነዚህን ቀኖች የወሰኑት መንግሥታት ናቸው። ሆቴሉ፣ አሠልጣኙና ሽቅብ የሚያወጣው የገመድ ማመላለሻ ሁሉ ገቢያቸውን የሚያሰሉት በእነዚህ ቀኖች ላይ ተመሥርተው ነው።

ደኅንነቱም እንዲሁ የሕዝብ ሥራ ነው። በ1999 ፌብሩዋሪ 23 ቀን በኦስትሪያዋ ጋልቱር መንደር ላይ የወረደው የበረዶ ናዳ የ31 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ በዕረፍት ላይ የነበሩ እንግዶችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። መንደሯ ከዚያ በኋላ በመከላከያ ግንብ ተጠበቀች። በስዊዘርላንዷ ዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በብርዱ ወራት የአደጋውን መጠን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ በየዕለቱ ያስታውቃል። አንድ አባት ልጁን ይዞ ወዴት እንደሚወጣ ሲወስን ይህን መግለጫ ማንበብ ይችላል።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም መንገዷ በበረዶ ተሸፍኖ አይከርምም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና። አልፕስ ግን ወደ ሰሜን ስለሚርቅ በ1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መንደር እንኳ ለዘመናት በረዶ ለብሶ ይከርም ነበር። ነገሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። የአልፕስ አካባቢ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ደግሞ በዝቅተኛው ተዳፋት ላይ በረዶ ይሆን የነበረው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በስዊዘርላንድ ከ1970 እስከ 2015 የተደረገ ልኬታ በረዶው ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ በጸደይ ደግሞ ከበፊቱ በጣም ቀድሞ እንደሚቀልጥ አሳይቷል፤ ወቅቱ በድምሩ ከአንድ ወር በላይ አጥሯል። በ2023 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ28 የአውሮፓ አገሮች የሚገኙ 2,234 የበረዶ ሸርተቴ ማዕከላትን መርምሯል። የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ከጨመረ፣ በረዶ በመሣሪያ ካልተሠራ በስተቀር 53 በመቶ የሚሆኑት እጅግ ከፍተኛ የበረዶ እጥረት ስጋት ይጠብቃቸዋል፤ በ4 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ 98 በመቶ።

ታዲያ በረዶውን ራሳችን እንሥራው የሚሉ አሉ፤ መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ያው ጥናት ከማዕከላቱ ይዞታ ግማሹ በመሣሪያ በረዶ ቢሸፈን የ2 ዲግሪው 53 በመቶ ወደ 27 በመቶ እንደሚወርድ ያሳያል። ብዙ ማዕከላትም ያለ መሣሪያው ቀድመው ይዘጉ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ብርድ አይፈጥርም። የሚያደርገው ውሃን በታመቀ አየር አድቅቆ ወደ ሰማይ መርጨት ነው፤ ጠብታው መሬት ሳይነካ እንዲረጋ አየሩ ከዜሮ በታች ሁለትና ሦስት ዲግሪ መውረድ፣ ደረቅም መሆን ይኖርበታል። ከፍ ባለው ተራራ ላይ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ገና አሉ። ቆላው መንደር ግን መሣሪያ የሚያስፈልገው አየሩ ሲሞቅ፣ መሣሪያው የሚሠራው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው! ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ፣ ቧንቧና መብራት በዚያ ላይ ሲጨመር፣ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ያለ ማዘጋጃ ቤት ለሃያ ዓመት የሚከፈል ዕዳ ገብቶ የአሥር ዓመት በረዶ ይገዛል ብዬ እፈራለሁ።

ያ ገንዘብ ሳምንቱን ራሱን ቢደግፍ ይሻላል። በስዊዘርላንድ ከፕሬዳ እስከ በርጉን ያለውን ስድስት ኪሎ ሜትር እንመልከት። በበጋ የመኪና መንገድ ነው፤ በብርዱ ወራት ለመኪና ይዘጋና ቤተሰቦች በእንጨት ተንሸራታች ላይ ተቀምጠው ይወርዱበታል። መልሶ የሚያወጣቸው ባቡር ነው፤ ከሐዲዱ ድልድዮች ሥር እያለፉ ይወርዳሉ፣ ከታች ጣቢያው ላይ እንደገና ይሳፈራሉ። አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚችሉት ነው። ብዙ ወራት የሚጠይቅ ሥልጠና የለውም፤ ለገደላማ ሸርተቴ የሚያስፈልገውን ያህል ጥልቅ የበረዶ ንጣፍም አይፈልግም። ባቡሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከበረዶ ዕረፍት የሚወጣው የካርቦን ልቀት በአብዛኛው የሚመጣው ቤተሰቡ ከቤቱ እስከ ተራራው ከሚያደርገው ጉዞ ነውና።

ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ሕዝብ ለምን ይክፈልበት የሚለውን ተቃውሞ አከብራለሁ። የሳምንቱ ኪራይ፣ የማመላለሻው ቲኬትና የአሠልጣኙ ክፍያ ተደምሮ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል። ሆኖም ተቃውሞው የሚያስረዳው ድጋፉ ለማን መድረስ እንዳለበት ነው። በስዊዘርላንድ ከ1941 ጀምሮ የወጣቶች የበረዶ ካምፕ ሲዘጋጅ ቆይቷል፤ ዛሬም በየጃንዋሪው በዕጣ የሚለዩ 600 ልጆች ሌንክ ወደምትባለው መንደር ይሄዳሉ። ዕድሉ ለሁሉም ሲከፈት በረዶ የማን ልጅ ነህ አይልም። በረዷማ ተራራ ሥር ያልተወለደ ልጅም ዕድሉን ካገኘ ይለምደዋል፤ በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ዘሚካኤል ተክለማርያም የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ የበረዶ ሸርተቴን የለመደው በልጅነቱ በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ የመንደሮቹ ነው። የገመድ ማመላለሻው ቢቆም ሜካኒኩ፣ አስተናጋጇና ዳቦ ጋጋሪው ምን ይበሉ? ፈረንሳይ ውስጥ በጁራ ተራሮች የሚገኘው ሜታቢየፍ ጥያቄውን ፊት ለፊት ተጋፍጦታል። የገደላማ ሸርተቴው ከ2030 እስከ 2035 ባለው ጊዜ እንደሚያበቃ ገምቶ በይፋ ተናገረ፤ አዳዲስ ማመላለሻዎችን ከመግዛት ይልቅ ያሉትን እየጠገነ እስከዚያው ለማድረስ መረጠ፣ ጎን ለጎንም በረዶ የማይጠይቁ ሥራዎችን ማዘጋጀት ጀመረ። ቀኑ አስቀድሞ ሲታወቅ ሜካኒኩ ሌላ ሙያ ይለማመዳል፣ ባለ ሆቴሉም ለአዲስ ብድር ከመፈረሙ በፊት ያስባል። ቀኑን ሳይናገር በአንድ በረዶ አልባ ዓመት በሩን የሚዘጋ ማዕከል ግን ሠራተኞቹን ለዚህ ዓይነት ዝግጅት ፋታ አይሰጣቸውም።