ዶሮ በታመመች ጊዜ ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ



በገጠር ቤት ዶሮ የእናት መቀነት ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። ጨውና ሳሙና ሲያልቅ፣ ልጅ ደብተር ሲፈልግ፣ እንግዳ በድንገት ሲመጣ የምትደርሰው እርስዋ ናት። እንቁላሏም ለሕፃን ጥሩ ምግብ ነው። ስለዚህ ዶሮ ስትታመም የቤት እመቤት ብትደነግጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሆኖም በዚህ ድንጋጤ ጊዜ በብዙ ቤት የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ጉዳት ያመጣሉ። አንዳንዷ እናት ዶሮዋን ብርድ እንዳይነካት ብላ ከምድጃው አጠገብ፣ ልጆች ከሚተኙበት ታሳድራታለች። ሌላዋ «በክት ሆና ከምትጣል ሳትሞት ትታረድ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ በማግሥቱ ገበያ ይዛት ትወጣለች። እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ የምንነግራችሁ እነዚህ ነገሮች ስለ ምን እንደሚጎዱና በእነርሱ ፈንታ ምን እንደሚሻል ነው።

የታመመች ዶሮ በምን ትታወቃለች?

ጤነኛ ዶሮ ዓይኗ የጠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትጭር ትውላለች፤ ጥሬ ሲበተንላት ትሮጣለች። የታመመች ግን ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከአንድ ጥግ ትቆማለች። ስለዚህ ጧት ዶሮዎቹ ከቆጥ ሲወርዱ አንድ ጊዜ አየት ማድረግ መልካም ልማድ ነው።

ከዶሮ በሽታዎች ሁሉ የሚከፋው ሁላችሁም የምታውቁት ፈንግል ነው። የሚመጣውም ቫይረስ ከሚባል፣ በዓይን ከማይታይ ጀርም ነው። ዶሮዋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ኩሷ አረንጓዴና ውሃ የመሰለ ይሆናል፤ ሲብስም አንገቷ ይጠመዘዛል፣ እግሯና ክንፏ ሽባ ይሆናል። በሽታው ከያዛት በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በአንድ ሰሞን የመንደሩን ዶሮ ሊፈጅ ይችላል።

ግን ዶሮ በታመመች ቁጥር ሁሉ ፈንግል ነው ማለት አይደለም። የጫጩቶች ኩስ ደም ከቀላቀለ ሌላ በሽታ ነው፤ ለእርሱ መድኃኒት አለው። በራሷና በዓይኗ ዙሪያ ቅርፊት ያለው ቁስል ከወጣ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ሆነ ቶሎ መጥራት ነው።

ለሰው የሚያሰጋው ምንድር ነው?

ፈንግል ሰውን ቢነካ ብዙውን ጊዜ ዓይንን ለጥቂት ቀን ከማቅላት አያልፍም። ነገር ግን በዶሮ ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ሌሎች ጀርሞች ይገኛሉ። እነዚህ ጤነኛ ከምትመስል ዶሮም አይጠፉም፤ ሰው አፍ ከገቡ ተቅማጥና ትኩሳት ያስይዛሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ገና የሚድኸው ሕፃን ነው፤ እጁ መሬት ነው፣ ከመሬት ያነሣውንም ወደ አፉ ይወስዳል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ የኢትዮጵያ ገጠር ጥናት እንዳሳየው፣ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመት ደኅና ሆነው ተገኝተዋል፤ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ጊዜ ግን የልጆች ቁመት ማነስ ታይቷል። እንግዲህ ዶሮ ማርባቱ ጥቅም ነው፤ ጉዳቱ ያለው አብሮ ማደሩ ላይ ነው። ዶሮዋን ለማዳን ብሎ ከሕፃኑ አጠገብ ማስተኛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የታመመችውን ዶሮ እንዴት እንያዛት?

1ኛ፤ ወዲያው ከሌሎቹ ለዩአት። ከቤት ውጭ፣ ነፋስና ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር፣ ደረቅ ጭድ አንጥፋችሁ በቅርጫት ወይም በዕንቅብ ክደኗት፤ አየር ግን እንዳይታፈንባት።

2ኛ፤ ንጹሕ ውሃና በውሃ የራሰ እህል በተለየ ዕቃ ስጧት። ያ ዕቃ የሰው ምግብ አይነካ፤ ለሌሎቹም ዶሮዎች አይቅረብ።

3ኛ፤ የሚያያት አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን። አስቀድሞ ጤነኞቹን ይመግብ፤ የታመመችዋን መጨረሻ ያድርግ። ልጆች አይንኳት፣ አይጠጓት።

4ኛ፤ ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በውሃና በሳሙና እሹት። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሆናል። በተለይ እንጀራ ከማቅረብና ልጅ ከማጥባት አስቀድሞ ይህ አይረሳ።

5ኛ፤ የነበረችበትን ቆጥና ወለል ጥረጉ፤ ኩሱን ከቤት አርቃችሁ ቅበሩ።

6ኛ፤ ከሞተች ከውሃ ምንጭ ርቆ አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ትቀበር። ገደል ብትጣል ውሻና ጅብ ይጎትታታል፤ በሽታውም ጎረቤት ይደርሳል።

ብናርዳትስ? ብንሸጣትስ?

«ወጡ እኮ ሲንተከተክ ያድራል፤ ምን ጀርም ይቀራል?» የሚሉን እናቶች አሉ። እውነት ነው፤ በደንብ የበሰለ ወጥ ጀርሙን ይገድላል። ጉዳቱ ያለው ወጡ ከመሠራቱ በፊት ነው። ላባው ሲነጭ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ሥጋው ሲበለትና ሲታጠብ ጀርሙ በእጅና በቢላዋ ላይ ይቀራል፤ እጣቢው ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ ይደፋል፤ ደሙና ላባውም ለቀሩት ዶሮዎች ፈንግልን ያድላል። ደግሞም በዓይን በማየት ብቻ የትኛው በሽታ እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ከዶሮ ወደ ሰው በተላለፈ የወፎች ኢንፍሉዌንዛ 18 ሰዎች ታመው 6 ሞተዋል። ስለዚህ የታመመች ዶሮ አትታረድ፤ ብዙ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ከሞቱም ለጤና ኬላና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ገበያ መውሰዱም እንዲሁ ነው። የእናንተ ዶሮ የሌላዋን እናት ቆጥ ባዶ ታደርጋለች። የሚቀጥለው ገበያ ደግሞ የሌላዋን በሽታ ለእናንተ ይመልሳል። ከገበያ የገዛችኋትንም ዶሮ ቢሆን 2 ሳምንት ለብቻዋ ሳታቆዩ ከሌሎቹ አትቀላቅሏት።

ስለ መድኃኒት

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና አረቄ የሚያጠጡ አሉ። ነገር ግን ፈንግልን የሚያድን መድኃኒት የለም። ከሱቅ የተገዛ የሰው ካፕሱል ፈትቶ ማጠጣትም አይገባም፤ ቫይረሱን አይገድልም፤ በእንቁላሉና በሥጋው ወደ ሰው ይገባል፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ያን ጊዜ ልጃችሁ ቢታመም መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

ፈንግልን የሚመክተው ክትባት ነው። ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት በዶሮዋ ዓይን አንዲት ጠብታ ይደረጋል፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። በአገራችንም በቢሾፍቱ ይሠራል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ ከታመመች በኋላ አይጠቅማትም። ፈንግል በክረምት መግቢያ ስለሚበረታ አንድ ወር ቀደም ማለት ይሻላል። የአንዱ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ፣ ጎረቤቶች ተስማምታችሁ የልማት ሠራተኛውን ባንድ ቀን ብትጠሩ ይቀላል።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው

ጡት መጥባቱን አታስተዉት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት፤ ዚንክም እንዲሰጠው ጠይቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እናቶች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዶሮዎቹ ከሰው መኝታ የተለየች፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች አነስተኛ ቤት፣ አንድ ቁራጭ ሳሙና፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አንዲት ጠብታ ክትባት ይበቃል። ዶሮ ብትሞት ሌላ ቄብ ትተካለች፤ ለልጅ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ዶሮና ሕፃን ባንድ ጣራ ሥር እንዳያድሩ አድርጉ።