ጤናን የሚከታተለው የእጅ ሰዓት፤ ጥቅሙና ጉድለቱ
(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋር የተቈረቈረችው ድሬዳዋ አዲስ ነገርን ቀድመው ከሚቀበሉት ከተሞቻችን አንዷ መሆኗ የታወቀ ነው። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ከምናያቸው አዳዲስ ዕቃዎች አንዱ፥ ጊዜን ከመቍጠር አልፎ የልብን ትርታ፥ የርምጃን ብዛትና የእንቅልፍን መጠን የሚመዘግበው የእጅ ሰዓት ነው። አንዳንዱ እንደ ሐኪም ያምነዋል፤ ሌላው እንደ ልጅ መጫወቻ ይንቀዋል። ከመፍረድ በፊት ግን አሠራሩን መመርመር ይገባል።

ከሰዓቱ ሥር የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይዘልቃል። ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጠው፥ ልብ በመታ ቍጥር የደሙ መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ ተመልሶ የሚመጣውም ብርሃን ይለዋወጣል። ሰዓቱ ይህንኑ ቈጥሮ የትርታውን ብዛት ይነግረናል።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ ሳይሰማው ምቱ የሚዛባ ልብ ደም እንዲረጋና አንጎል እንዲጐዳ ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመውና 419,297 ሰዎች በተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት፥ ሰዓቱ ያስጠነቀቃቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከነዚህም በደረት ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ከተመረመሩት ሕመሙ የተገኘባቸው 34 በመቶ ናቸው። ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ የቀሩት ሁሉ ጤነኞች ነበሩ ለማለት አይቻልም። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ይህ በድሬዳዋ ይበልጥ ይገለጻል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በከተማዋ በገባ ጊዜ ብዙ ሺሕ ሰው ታሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዓቱ የትርታውን መፍጠን ሊያሳይ ይችላል፤ ትኩሳቱ የወባ፥ የደንጊ ወይም የቺኩንጉንያ መሆኑን የሚለየው ግን የደም ምርመራ ነው። ደግሞም የቀን ሐሩርና ጫት የልብን ምት ያፈጥናሉ፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ የታየውን ቍጥር ጧት በዕረፍት ላይ ከታየው ጋር ሳያስተያዩ መደናገጥ አይገባም።

ጉድለቱን ደግሞ እንመልከት። የኦክስጅን መለኪያ የቆዳ ጥቍረት ያሳስተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ በጣት ላይ የሚደረገው የሆስፒታል መሣሪያ እንኳ የኦክስጅንን ማነስ ሳያሳይ ያለፈው በጥቍሮች ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጧል። ይህም እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ቆዳን ሳይወጋ ስኳርን እለካለሁ የሚለው ሰዓት ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ለእንዲህ ያለ ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ አለመስጠቱን አስታውቋል። በሐሰተኛ ቍጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሕመምተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና።

ሰዓቱ የሚሰበስበው የሰውነታችን ምስጢርም ወደ ስልክና ወደ ሩቅ አገር መዝገብ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ቢወጣም፥ የመጀመሪያው ጠባቂ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን የያዘ ይጠቀምበት፤ ርምጃውን ይቍጠር፥ ያየውን ለውጥ ለሐኪሙ ያሳይ። የደም ግፊቱን ግን በክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ ያስለካ፥ የታዘዘለትንም መድኃኒት ሰዓቱ «ደኅና ነህ» ስላለው ብቻ አያቋርጥ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው በጊዜ ለሚመረመር ሰው ነው።