ለመዘግየቱ ማን ይከፍላል?

አዲስ አበባ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ አንዲት ሴት እናስብ። የኤሌክትሪክ ምጣዷ ሲሰራ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትጋግር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጀች ማለት ነው። እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. በነበረው ታሪፍ ብዙ የሚጠቀም የመኖሪያ ቤት ደንበኛ እንኳ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበርና የዕለት ሒሳቧ ከ18 ብር አያልፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪፉ በየጊዜው ከፍ እያለ መሆኑን ካርድ የሚሞላ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ይህንኑ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኢትዮጵያ ለኬንያ በምትሸጥበት ዋጋ፣ ማለትም በ6 ነጥብ 5 የአሜሪካ ሳንቲም እናስላው። ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው 68 ብር ይመጣል። ቱርክ የሩሲያው ሮሳቶም ከሚሠራላት የአኩዩ ኒውክሌር ጣቢያ ለመግዛት በተዋዋለችበት በ12 ነጥብ 35 ሳንቲም ካሰላነው ደግሞ 130 ብር ይደርሳል። ስለ ኒውክሌር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቦምቡና ቼርኖቤል ነው። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከዚህች ምጣድ አይርቅም።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ይሠራሉ ብለው ከዘረዘሯቸው ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ከሁለት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዲዮን ጢሞቴዎስና የሮሳቶሙ ኃላፊ አሌክሲ ሊካቼቭ ለጣቢያው ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። መንገዱ በአንድ ቀን የተጀመረ አይደለም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የመግባቢያ ሰነድ፣ በ2019 በሶቺው የሩሲያና የአፍሪካ ጉባኤ ላይ የመንግሥታት ስምምነት፣ በ2023 ደግሞ ፍኖተ ካርታ ተፈርሟል። እነዚህ ሁሉ ገና የዋጋ ውል አይደሉም። ይህን አስምሬ የምናገረው የዋጋው ክርክር አሁንም ከፊታችን ስለሆነ ነው። ፊርማው ካረፈ በኋላ ክርክር ምን ያህል እንደሚረዳ ለማየት ወደ ብሪታንያ መሻገር ይበጃል።

ብሪታንያ በሶመርሴት የባሕር ዳርቻ የምትሠራው ሂንክሊ ፖይንት ሲ 3,200 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ነው። የፓርቲዎቹን ታሪክ ላየው ሰው ያስቃል። አዲስ የኒውክሌር ጣቢያ ይሠራ ብሎ በሩን የከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. የሌበር መንግሥት ነበር። በ2010 ምርጫ ኒውክሌር አይሆንም ብለው የቀሰቀሱት ሊበራል ዴሞክራቶች ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ጥምር መንግሥት ሲመሠርቱ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ለእነሱ ደረሰ፤ በ2013 የዋጋውን ስምምነት ይፋ ያደረገውም የእነሱው ሚኒስትር ነው። ቴሬዛ ሜይ በ2016 ሥልጣን እንደያዙ ውሉን ለጥቂት ሳምንታት አዘገዩት፤ ዋናው ስጋት የቻይና ኩባንያ አንድ ሦስተኛ ድርሻ መያዙ ነበር። መስከረም ላይ ግን ተፈረመ። ዋጋው ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት 92 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም፣ በ2012 የዋጋ ደረጃ፣ ለ35 ዓመት፣ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ የሚያድግ። ዛሬ ባለው ገንዘብ ሲመነዘር ከ120 ፓውንድ ይበልጣል። የገበያው ዋጋ ከዚህ ሲያንስ ልዩነቱን የሚሞላው መብራት የሚጠቀመው ሕዝብ ነው። በ2017 ብሔራዊ ኦዲት ቢሮው ይህ ማካካሻ በ2013 ከተገመተበት 6 ቢሊዮን ፓውንድ ወደ 30 ቢሊዮን ማሻቀቡን ገልጾ፣ መንግሥት ተጠቃሚውን ውድና አደጋ ያለበት ፕሮጀክት ውስጥ ቆልፎታል ሲል ጻፈ።

እዚህ ድረስ የሚነገረው ታሪክ የተለመደ ነው፤ ፓርቲዎች ተነታረኩ፣ ሕዝብ ከፈለ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ሂንክሊ ሲፈረም ግንባታው 18 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ነበር። ጣቢያውን የሚሠራው የፈረንሳዩ ኢዲኤፍ በ2024 ባወጣው ግምት ወጪው በ2015 ዋጋ ከ31 እስከ 35 ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ በ2025 ይጠናቀቃል የተባለው የመጀመሪያው ማብላያም ወደ 2029 እና ከዚያም በኋላ ተገፍቷል። ወጪው እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ የብሪታንያው ተጠቃሚ በውሉ ላይ ከተጻፈው ዋጋ አንዲት ሳንቲም ተጨማሪ አይከፍልም። ጣቢያው ኃይል ካላመነጨም ክፍያ የለም። ኪሳራው የወደቀው በኢዲኤፍ ላይ ነው፤ በመጨረሻም የድርጅቱ ባለቤት በሆነው የፈረንሳይ መንግሥት ላይ። ስለዚህ "ውዱ ውል" የሚባለው ውል ቢያንስ አንድ ነገር ገዝቶላቸዋል፦ የመዘግየትን ዕዳ ሌላ ሰው ይሸከምላቸዋል። ዋጋው ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አደጋ ተሸካሚ ሁሉ ክፍያ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ለመጣው ሳይዝዌል ሲ ጣቢያ ብሪታንያ ተቃራኒውን መንገድ መርጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት ተጠቃሚው ጣቢያው ገና በመሠራት ላይ እያለ በወር ሒሳቡ ላይ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል፤ መንግሥትም በ2025 ክረምት 44 ነጥብ 9 በመቶ ድርሻ ይዞ ገብቷል። ግንባታው 38 ቢሊዮን ፓውንድ ተገምቷል። ወለዱ ይረክሳል፣ በምትኩ የመዘግየቱ አደጋ ወደ ሕዝቡ ይመለሳል። የትኛው ይሻላል የሚለው የሚያከራክር ነው። ግን የመረጡት ሁለቱንም ዋጋ በወረቀት ላይ አይተው ነው፤ ኦዲተሩም፣ ተቃዋሚውም፣ ጋዜጣውም አሃዙን በእጁ ይዞ ነው የተነታረከው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ሮሳቶም ወደ ውጭ ሲወጣ በዋናነት ሁለት ዓይነት ውል ይዞ ይመጣል። አንደኛው የአኩዩው ነው፤ ሩሲያ ራሷ ገንብታ፣ ራሷ ባለቤት ሆና፣ ኃይሉን በተወሰነ ዋጋ ትሸጣለች። ሁለተኛው የብድር ነው። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ ለሚተከሉት አራት ማብላያዎች፣ በድምሩ 4,800 ሜጋ ዋት፣ በ3 በመቶ ወለድ 25 ቢሊዮን ዶላር ከሩሲያ ተበድራለች፤ ይህ ከጠቅላላ ወጪው 85 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ባንግላዴሽ ለሩፑር 12 ነጥብ 65 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ፕሮጀክት ውስጥ ገብታ 90 በመቶውን በብድር ሸፍናለች። 3 በመቶ ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። ግን የብድሩ ባለዕዳ መንግሥት ነው፤ ግንባታው አንድ ዓመት ቢዘገይም ሦስት ዓመት ቢዘገይም ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም። ባንግላዴሽ ላይ የደረሰውም ይህን ያሳያል። ሥራው ከታሰበለት ጊዜ አልፎ ሲጓተት፣ በሩሲያ ባንኮች ላይ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት ክፍያውን በዶላር መላክ አልተቻለምና በ2023 እ.ኤ.አ. በቻይና ዩዋን ለመክፈል መስማማት ግድ ሆነባት። በወለዱ ርካሽ የመሰለው ውል የመዘግየቱን አደጋ በሙሉ ለተበዳሪው ያሸክማል። በምጣዷ ላይ የሚወርደውን ዋጋ የሚወስነው ኢትዮጵያ የምትጠየቀው የትኛውን ውል እንደሆነ ነው።

ይህን ሸክም ለመሸከም ያለን ትከሻም ይታወቃል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ውስጥም ነበረች። ሐምሌ 2016 ላይ የጸደቀው የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር የዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም መንግሥት በገበያ ወለድ ከውጭ እንዳይበደር ገድቧል። የኤሌክትሪክ ኃይልን ጨምሮ የልማት ድርጅቶች ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሳይከፍሉ የቀሩት ብድርም ከ800 ቢሊዮን ብር በላይ በሆነ የመንግሥት ቦንድ ተተክቷል፤ በሌላ አነጋገር ወደ ግብር ከፋዩ ተላልፏል። ከዚህ ላይ ሌላ ቢሊዮኖች ሲታሰቡ ዶላር በብር ስንት እንደሚመነዘርም መርሳት አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። መብራት በብር እየተሸጠ ዕዳው በዶላር ሲከፈል ልዩነቱን የሚሞላ ሰው መኖር አለበት።

ይህ ክርክር የሚገጥመው የመጀመሪያ መልስ "ግድቡስ?" የሚለው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የህዳሴ ግድብ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ኩባንያ ሳሊኒ ተሰጥቶ፣ በመንግሥታዊው ድርጅት በሜቴክ እጅ ተጓትቶ፣ በ2010 ክረምት ሥራው ከሜቴክ ተነጥቆ፣ ከታሰበለት ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል ዘግይቶም ቢሆን 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ቆመ፤ ያኔ ሁሉም አሃዝ ይከራከርበት ቢባል ኖሮ ገና አይጀመርም ነበር ይላሉ። እውነት አለው፤ ክርክር ሁልጊዜ አያፋጥንም። ነገር ግን ግድቡ በአብዛኛው በብር፣ በቦንድና በአገር ውስጥ ባንክ ነው የተሠራው። ሲዘገይ ያከሰረን ቢሆንም ሞስኮ ወይም ቤጂንግ ቀን ቆጥሮ የሚጠይቀው የውጭ ዕዳ እምብዛም አላከማቸም። ውኃውም ነዳጅ አያስመጣም። ስለዚህ ግድቡ ለኒውክሌር የሚሆን ምሳሌ አይደለም። ከሆነም የሜቴክ ምዕራፍ ብቻውን ያስተምራል፦ በወቅቱ ማንም ያልጠየቀው ውል ኋላ ምን ያህል ዓመት እንደወሰደ።

ሌላው መልስ የድርድር ምስጢር የሚል ነው። ዋጋ ከመስማማት በፊት አሃዝ ቢገለጥ ያዳክመናል ይባላል። ለድርድሩ ጊዜ ልክ ነው፤ ለፊርማው ግን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጃኮብ ዙማ መንግሥት ለ9,600 ሜጋ ዋት ከሩሲያ ጋር የገባበትን ስምምነት በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰርዞታል፤ አንዱ ምክንያት ለፓርላማው መቅረብ በሚገባው መንገድ አለመቅረቡ ነበር። ከሳሾቹ ሁለት የሲቪል ማኅበራት ነበሩ። እኛ ዘንድ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ገዢው ፓርቲ ነው ያገኘው። በዚያ ምክር ቤት የሚነሳ ክርክር የሎንዶኑን እንዲመስል አንጠብቅም። ግን ለመከራከር ከሁሉ በፊት አሃዝ ያስፈልጋል፦ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ፣ የሚከፈልበት ገንዘብ፣ ሥራው ቢዘገይ ወለዱን የሚሸከም። ድልድዩ ስሙን የያዘላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር መላው የሚፈለገው ከፊርማው በፊት ነው።

ሦስተኛውን መቃወሚያ ከሁሉ አከብደዋለሁ። ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ከተማው ይጨልማል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፈረቃ ስትበራ የነበረችበትን ጊዜ ፒያሳ የነበሩ ሱቆች በረንዳቸው ላይ ሲያጓሩ በነበሩት ጄኔሬተሮች ያስታውሱታል። ኒውክሌር ዝናብ አይጠብቅም። ስለዚህ ለዋስትናው ከውኃ የበለጠ መክፈል ስህተት አይደለም፤ ጥያቄው ስንት ነው። ለዚህ ዋስትና ደግሞ ሌላ ሻጭ አለ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከመሬት በታች ያለው እንፋሎትም ዝናብ አይጠብቅም። የቱሉ ሞዬና የኮርቤቲ ጂኦተርማል የኃይል ግዢ ውሎች ዋጋ ለኪሎ ዋት ሰዓት 7 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከአኩዩው ግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ኃይል ግን እስካሁን አልመጣም። ካንቀረፈፉት ነገሮች አንዱ የመንግሥት ዋስትናና በብር የተሸጠው መብራት በዶላር ተመንዝሮ የሚወጣበት መንገድ ነው። በ7 ሳንቲም ይህን በር ማለፍ ያልቻለ ውል ካለ፣ በ12 ሳንቲም የሚመጣውም የሚያንኳኳው ያንኑ በር ነው።