«ኤል ሆስፒታል» ማታ ማታ

ቀን ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ማታ ደግሞ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። የቀኑና የማታው ሰውዬ የሚደባበቁትን ነው ዛሬ የማወጣው፤ ስሜን ግን ተዉት።

ከሊሚት ልጀምር። ሁላችንም መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ የምንጽፋት ጥያቄ አለች፦ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ፣ ኤክስ ስኩዌር ማይነስ 4 ለኤክስ ማይነስ 2 ሲካፈል ስንት ይሆናል? 2ን በቀጥታ ከከተታችሁ ዜሮ ለዜሮ ነው። ስለዚህ የላይኛውን ፋክተር እናደርጋለን፣ ከላይና ከታች ኤክስ ማይነስ 2 ይጣፋል፣ ኤክስ ፕላስ 2 ይቀራል፤ መልሱ 4። ልጆቹም 4 ብለው ይጽፋሉ፤ ራይት እያደረግን እናልፋለን።

እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳልፍ ኖሬ አንድ ቀን አንዱን ልጅ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ኤክስ ስኩዌርን በኤክስ ሰረዘ፤ ኤክስ ቀረው። ማይነስ 4ን በማይነስ 2 ሰረዘ፤ ፕላስ 2 ቀረው። ኤክስ ፕላስ 2፣ መልስ 4። እጁን ከቾክ አራግፎ ሊቀመጥ ሄደ። ከክፍሉ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ለካ ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደዚያ ኖሯል! የጠፋባቸው ሊሚቱ ሳይሆን ድሮ ያለፉት ክፍልፋይ ነው። ጉዱ ደግሞ፣ ይህ ስህተት 9ን ከ3 ጋር ብታደርጉትም፣ 25ን ከ5 ጋር ብታደርጉትም ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ዓይነት ጥያቄ የሚፈትን አስተማሪ መቼም አይደርስበትም።

መያዣ ወጥመዱ ኤክስ ኪዩብ ማይነስ 8 ለኤክስ ማይነስ 2 ነው። በስረዛ የሄደ ልጅ ኤክስ ስኩዌር ፕላስ 4 ያገኝና 8 ይላል። እውነተኛው መልስ 12 ነው። እዚህ ላይ ነው የስታፍ ሩሙ ሹክሹክታ የሚመጣው። ፈተና ስናወጣ 8ን ከምርጫዎቹ መሀል ማስገባትና አለማስገባት በእጃችን ነው። 8 ከገባች ሰራዡ ደስ ብሎት ያከብባትና ይወድቃል። ከሌለች ያገኘው መልስ ከምርጫው ሲጠፋበት ይደናገጥና ይገምታል፤ አራት ምርጫ ነውና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የክፍሉ አማካይ ውጤት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም 8ን ያስወጣሁበት ሴሚስተር አለ።

ምርጫን ካነሳን አይቀር የኢንተግራሉን ጉድ ስሙ። ኢንተግራል ማድረግ የማይችል ልጅ የኢንተግራል ጥያቄ በትክክል ይመልሳል። የአራቱን ምርጫዎች ዴሪቬቲቭ እየወሰደ ወደ ጥያቄው የሚመልሰውን ይፈልጋል፤ በቃ። ልጅ ሁሉ የሚረሳት ፕላስ ሲ እንኳ ምርጫው ላይ ተጽፋለታለች። ይህን ያስተማረው ማን ነው ካላችሁ፣ እኛው ነን፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ በሩን ገርበብ አድርገን። ምን እናድርግ? በቀድሞው መጽሐፍ ከሊሚት እስከ ኢንተግራል አራት ምዕራፍ ነበር፤ ኢንተግራል የአራቱም መጨረሻ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የትምህርት ዕቅዴ ላይ «የዴሪቬቲቭ አጠቃቀም» ተብሎ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ሰሌዳዬ ላይ ግን የክፍልፋይ መደመርና የማይነስ ምልክት የዋለባቸው ሳምንታት ነበሩ። ከኢንተግራል የሰረቅሁትን ጊዜ ለክፍልፋይ ከፈልሁት ማለት ነው። አልጸጸትበትም፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግን ሰሌዳው ይጠረጋል።

የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። እኛ ስታፍ ሩም ውስጥ የደነገጠ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ማታው ሥራ። ልጆቹ «ኤል ሆስፒታል» የሚሉት ሕግ አለ፤ ትክክለኛ ስሙ ሎፒታል ነው። ዜሮ ለዜሮ ሲመጣ የላዩንም የታቹንም ዴሪቬቲቭ ለየብቻ ወስዶ እንደገና መክተት ነው። ያቺ የኤክስ ኪዩብ ጥያቄ በዚህ መንገድ 3 ኤክስ ስኩዌር ለ1 ትሆናለች፤ 2ን ስትከቱ 12፤ ከአምስት ሰከንድ አያልፍም። ካልኩሌተር በማይገባበት፣ ሰዓት በሚያባርርበት ፈተና ይህ ወርቅ ነው። ቀን ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ በዚህ ሲሠራ ካየሁ «እዚህ ገና አልደረስንም፣ ፋክተር አድርግ» እላለሁ። ማታ ሳሎን ውስጥ፣ ሻይና ዳቦ ቀርቦልኝ፣ ያንኑ ራሱን አስተምራለሁ። አስጠኚ የመቅጠር አቅም ያለው ቤት ልጅ 12ን በአምስት ሰከንድ ያገኛል፤ ሌላው ይሰርዝና 8 ይላል።

ሕጉ ራሱ ከገንዘብ ጋር የተወለደ መሆኑን ሳነብ ሳቄ መጣ። ማርኪ ደ ሎፒታል ከፈረንሳይ መኳንንት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1691 ፓሪስ የመጣውን የ24 ዓመቱን ስዊዘርላንዳዊ ዮሐን በርኑሊን አስጠኚ አድርጎ ቀጠረው። በ1694 በደብዳቤ ውል አቀረበለት፦ በዓመት 300 ሊቭር እከፍልሃለሁ፤ አንተ አዲስ ግኝትህን ለእኔ ብቻ ላክ። በ1696 የማርኪው የካልኩለስ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ ሕጉም በገዢው ስም ቀረ። በርኑሊ ማርኪው ከሞተ በኋላ የእኔ ነው ቢልም፣ የድሮ ማስታወሻውና ደብዳቤዎቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እስኪታተሙ ድረስ ብዙ ሰው አላመነውም። እንግዲህ የሙያችን አባት እሱ ነው።

ባለፈው በክለሳ ጊዜ ሳይን ኤክስ ለኤክስን ጻፍሁ፤ ኤክስ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ማታ የማስጠናው ልጅ እጁን ሳያነሣ «አንድ!» አለ። «የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን፣ የኤክስ ደግሞ 1፣ ኮሳይን ዜሮ 1 ነው።» ፊቱ በራ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ አስጠኚ ቀርቶ መጽሐፉንም ከጓደኛዋ ጋር የምትጋራ፣ «ቲቸር፣ የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን መሆኑን መጀመሪያ በምን አወቅነው?» ብላ ጠየቀች።

የምናውቀው በዚያችው ሊሚት ነው። ሳይን ኤክስ ለኤክስ 1 መሆኑ ካልታወቀ የሳይን ዴሪቬቲቭ አይወጣም፤ ስለዚህ ልጁ መልሱን ያገኘው በመልሱ ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ክብ መሣል፣ ሁለት ሦስት ማዕዘን መሣል፣ ስፋታቸውን ማወዳደር ይፈልግ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ግፋ ቢል። የቀረን ሦስት ደቂቃ ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንመለስበታለን» አልኋት።

ማታ እነዚያ ቤት ስደርስ ልጁ ደብተሩን ገልጦ፣ ኮምፓሱን አውጥቶ ይጠብቀኛል። «የልጅቷስ ጥያቄ?» አለኝ። ክቡን ሠራን፣ ሦስት ማዕዘኖቹን ሠራን፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አብጠርጥረን አየነው። አባትዬው የወሩን ሒሳብ በፖስታ ሰጡኝ። ሰኞ ክፍል ስገባ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።