የተነካካ መኪና በስንት ይሸጣል?

ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል የጨመረ ሰው ቤቱን ለሽያጭ ሲያወጣ፣ ለክፍሎቹ ያወጣውን ገንዘብ በዋጋው ላይ ደምሮ ይጠይቃል። ገዢውም ክፍሎቹን ዞሮ አይቶ፣ ጥቂት ተከራክሮ ይከፍላል። መኪና ግን እንደ ቤት አይደለም። በተለይም በ1990ዎቹ የተሠሩት የጃፓን ፈጣን መኪኖች በሚሸጡበት ዓለም አቀፍ ገበያ፣ ባለቤቱ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ የሚያህል ገንዘብ አፍስሶ ካሻሻለው በኋላ፣ ምንም ካልተነካው መንትያው ባነሰ ዋጋ ሲሸጠው ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው በውጭ አገር ያለውን ወገናችንን ነው። የዋጋው አወጣጥ ግን ለየትኛውም ነጋዴ ትምህርት አለው።

ለመሆኑ እነዚህ መኪኖች ለምን ይነካካሉ? ነገሩ የሚጀምረው ከራሱ ከፋብሪካው ነው። የጃፓን አምራቾች ለአገራቸው ገበያ የሚያቀርቧቸው መኪኖች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ እንዳላቸው ላለመግለጽ እርስ በርስ ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱም እስከ 2004 ዘልቋል። ይሁንና የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ባለ 2.6 ሊትር ሞተርም ሆነ የቶዮታ ሱፕራ ባለ 3 ሊትር ሞተር፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ሲሆኑ፣ ብሎካቸው ከብረት የተቀዳ በመሆኑ ከተባለላቸው ጉልበት እጅግ የበለጠ መሸከም ይችላሉ። ቶዮታ ራሱ ያንኑ ሱፕራ ወደ አሜሪካ ሲልክ 320 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነበር የሚያስተዋውቀው። ስለዚህ መካኒኮች ሁለቱን ትንንሽ ተርቦዎች አውጥተው በአንድ ትልቅ ይተካሉ። ማርሚታው ይሰፋል፣ ፍሪሲዮኑ ይጠነክራል፣ አሞርዛተሩና ቸርኬው ይለወጣሉ፤ በመጨረሻም የሞተሩ ኮምፒዩተር አዲስ ትእዛዝ ይጻፍለታል። በ2001 የወጣው «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የተሰኘው ፊልም ደግሞ ሥራውን ከጥቂት አፍቃሪዎች እጅ አውጥቶ የወጣቱ ሁሉ ምኞት አደረገው።

ውጤቱ ከዓመታት በኋላ በገበያው ላይ ታየ። ሁሉም ሲነካካ ያልተነካው ብርቅ ሆነ። በዚህ ላይ የአሜሪካ ሕግ ተጨመረበት። በ1988 የወጣው ሕግ ለአገሪቱ የደኅንነት ደረጃ ያልተሠራን መኪና በቀላሉ የሚያስገባው ከተሠራ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። በ1989 መሠራት የጀመረው ጂቲ-አር (አር-32 የሚባለው) በ2014፣ በ1999 የጀመረው አር-34 ደግሞ በ2024 በሩ ተከፈተላቸው። የአር-34 ጂቲ-አር ምርት በ2002 ሲቆም በጠቅላላው የተሠራው 11 ሺሕ 500 ያህል ብቻ ነበር። አቅርቦቱ በዚያው ተዘግቶ ሳለ ፍላጎቱ በሕግ ቀን ተቆርጦለት መጣ ማለት ነው። ሱፕራም ብትሆን አልቀረላትም፤ በ2019 ፍሎሪዳ ውስጥ በተካሄደ ሐራጅ ጥቂት የተነዳች የ1994 ሱፕራ 173 ሺሕ 600 ዶላር አውጥታለች። ፋብሪካዎቹም የገበያውን ሽታ አላጡትም። ኒሳን በ2017 ለአር-32፣ ቶዮታ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሱፕራ፣ ማምረት አቁመውት የነበረውን መለዋወጫ እንደገና መሥራት ጀምረዋል።

የብርቅነቱ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ሌላው ግማሽ ጥርጣሬ ነው።

እኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው፤ አሜሪካውያን ግን ከተገዛ በኋላ ጉዱ የሚወጣውን መኪና ሎሚ ይሉታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለዚሁ «ሎሚ» አንድ አጭር ጥናት ጽፈው፣ በዚያ በጀመሩት ሥራ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው መጥፎ ሊሆን ይችላል ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል። በዚህ ዋጋ የተናደደው የጥሩ መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል፤ የቀረው መጥፎው ይሆንና ዋጋው ደግሞ ይወርዳል።

በተነካካ መኪና ላይ ይህ ጥርጣሬ እጥፍ ነው። ተርቦውን የገጠመው ማን ነው? ኮምፒዩተሩን የጻፈው ባለሙያ ነው ወይስ የባለቤቱ ጓደኛ? 600 የፈረስ ጉልበት የተጨመረለትስ ቆሞ ሊታይ ነው? የአዲስ አበባ ደላላ መኪና ሲያሻሽጥ «ሞተሩ አልተከፈተም» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሜሪላንድም ሆነ በዮኮሃማ ያለው ገዢ መስማት የሚፈልገው ያንኑ ቃል ነው። የጣዕምም ጉዳይ አለ፤ ሐምራዊ ቀለምና ትልቅ ክንፍ ያስደሰተው ባለቤቱን እንጂ ቀጣዩን ሰው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ሻጩ ምን ያድርግ? ለማስረዳት ያህል የራሳችንን ቁጥሮች እናስቀምጥ። ያልተነካ ሱፕራ 80 ሺሕ ዶላር ያወጣል እንበል። ባለቤቱ ለዕቃና ለመካኒክ 40 ሺሕ ከፍሎበታል። ሁለቱን ደምሮ 120 ሺሕ ብሎ ያወጣዋል፤ ስልኩ ግን አይጮህም። ከወራት በኋላ 65 ሺሕ የሚሰጥ ይመጣል። ሁለተኛው መንገድ ዕቃውን ፈትቶ ለየብቻ መሸጥ ነው። ከ40 ሺሕ ውስጥ 15 ሺሕ ያህሉ የእጅ ዋጋ ስለሆነ አይመለስም። የቀረው የ25 ሺሕ ዕቃ ያገለገለ ተብሎ በግማሽ ቢሸጥ 12 ሺሕ 500 ይገኛል። መኪናው የፋብሪካ ዕቃው ተመልሶለት 75 ሺሕ ቢሸጥና የመግጠሚያው 5 ሺሕ ቢቀነስ፣ በጠቅላላው እጁ የሚገባው 82 ሺሕ 500 ይሆናል። ከመጀመሪያው መንገድ በ17 ሺሕ 500 ይበልጣል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን የፋብሪካው ዕቃ ካለ ነው። ብዙው ባለቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ተርቦ ሲያስገጥም አሮጌዎቹን እዚያው ጋራዥ ትቷቸው ይሄዳል፤ ወንበሩን ለጓደኛው ይሰጣል፤ ማርሚታውን ይጥላል። በኋላ ላይ የጣለውን ሊገዛ ሲወጣ፣ መልሰው የሚፈልጉት ሁሉ እንደ እርሱ የጣሉ ሰዎች ሆነው ያገኛቸዋል። በመጋዝ የተቆረጠ አካል ወይም የተበየደ ሻንሲ ከሆነማ መልሶ መግጠም የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለው ሻጭ 65 ሺሑን ቢቀበል ይሻለዋል። ወጪው አንዴ ወጥቷል፤ ባለቤቱ ስንት እንዳወጣ ደግሞ ገዢውን አይመለከተውም።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የሚቆሙ መኪኖች አሉ። በመጀመሪያው ፊልም ላይ የታየው ብርቱካናማ ሱፕራ በ2021 ላስ ቬጋስ ላይ 550 ሺሕ ዶላር ተሽጧል። ተዋናይ ፖል ዎከር በ2009ኙ ተከታይ ፊልም የነዳው ሰማያዊ አር-34 ደግሞ በ2023 ከ1 ሚሊዮን 350 ሺሕ ዶላር በላይ አውጥቷል። ሁለቱም እጅግ የተነካኩ ናቸው። ገዢዎቹ የከፈሉት ግን ለተርቦውና ለቸርኬው አይደለም፤ ለፊልሙና ለተዋናዩ ስም ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ዚ-ቲዩን ነው። የኒሳን የውድድር ክፍል የሆነው ኒስሞ ብዙ ያልተነዱ አር-34ዎችን ከባለቤቶቻቸው ገዝቶ፣ ሞተራቸውን ወደ 2.8 ሊትርና 500 የፈረስ ጉልበት አሳድጎ፣ ሃያ ያህል ብቻ ሠርቷል። ያገለገለና የተነካካ መኪና ነው፤ ዋጋው ግን ካልተነካው እጅግ ይበልጣል። ማን እንደነካው በወረቀት ስለሚታወቅ ጥርጣሬ የለበትም።

ተራው ሻጭ ኒስሞን መሆን ባይችልም ወረቀቱን መያዝ ይችላል። የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ፣ ሥራውን የሠራው ጋራዥ ስም፣ የሞተሩ ጉልበት በመለኪያ የተነበበበት ወረቀት፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ውጤት፣ ከመለወጡ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶግራፎች ሊኖሩት ይገባል። ካሊፎርኒያን በመሰሉ ግዛቶች የጭስ ምርመራ ጥብቅ ስለሆነ፣ የተለወጠው የሞተር ዕቃ የግዛቱ ፈቃድ ቁጥር ከሌለው መኪናው ምርመራውን አያልፍም፤ ገዢው ይህን አስቀድሞ ይጠይቃል። ኢንሹራንስም ቢሆን የተጨመረውን ዕቃ የሚክሰው በውሉ ላይ ከተጻፈ ነው።

ማስታወቂያውን የሚጽፈው ሰው የፈረስ ጉልበቱን ከላይ፣ በትልቁ መጻፍ ይቀናዋል። እኛ ብንሆን ከላይ የምንጽፈው «የፋብሪካው ሁለቱ ተርቦዎች፣ ማርሚታውና ኮምፒዩተሩ አብረው ይሰጣሉ» የሚለውን ነው።