ካምቢዮ ሳይወርድ፦ የአሮጌ ሚኒባስ ፍሪሲዮን ተረትና እውነታ

አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ማርሽ አልቀበል ሲል ወይም ዳገት ሲከብደው መካሪው ብዙ ነው። በግምት ካምቢዮ ሲወርድ ግን የጋራዡ ሂሳብም የቀኑ ገቢም የሚጎድለው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ፍትጊያ ማለት ነው። የሞተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያልፈው የፍሪሲዮኑ ሸራ ሞተሩ በሚያዞረው ቮላኖ ላይ ተጭኖ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከሁለት ጥያቄ ይነሳል፦ ፔዳሉ ሲለቀቅ ይይዛል? ሲረገጥስ ይለቃል?

ተረት፦ «ማርሽ እየጮኸ አልገባም ካለ ካምቢዮው ተበልቷል።»

እውነታ፦ ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን ይሞክሩ። ያኔ በቀላሉ ገብተው፣ ሞተር ሲነሳ ግን በተለይ የኋላ ማርሽ ከጮኸ፣ ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም ማለት ነው። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ ከተሻለ፣ ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሏል ወይም መስመሩ አየር ይዟል። ከፔዳሉ በላይ ያለውን ፓምፕና ካምቢዮው ጎን ያለውን ታችኛውን ፓምፕ ያንጠባጥቡ እንደሆነ ይዩ። ለፓምፕ ጎሚኒ (ላስቲክ) ካምቢዮ አይወርድም።

ተረት፦ «መኪናው ዳገት ካልወጣ ሞተሩ ደክሟል።»

እውነታ፦ የደከመ ሞተር ዳገት ላይ ዙሩ ይወርዳል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ስበው ቀኝ እግርዎን ፍሬን ላይ ያድርጉ። 3ኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን በዝግታ ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አይዝም። ሸራውን ስለሚያግል አንዴ መሞከር ይበቃል። መለስተኛ መንሸራተት ግን የሚታየው ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነው። የሞተር ዘይት የነካው ሸራ አዲስም ቢሆን ይንሸራተታል፤ ፍሳሹ መጀመሪያ ይደፈን።

ተረት፦ «ጩኸት ሁሉ የሸራ ነው።»

እውነታ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በዜሮ ማርሽ ተሰምቶ ሲረገጥ የሚጠፋው ደግሞ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ያመለክታል።

ተረት፦ «ሸራውን ብቻ መቀየር ወጪ ይቆጥባል።»

እውነታ፦ ትልቁ ድካም ካምቢዮውን ማውረድና መልሶ መስቀል ነው። አንዴ ከወረደ ሸራውን የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ የቮላኖው ፊትም ይታይ።

ተሳፋሪ ሲጭኑ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አይያዙ፤ እየነዱም እግርዎን ፔዳሉ ላይ አያሳርፉ። «ካምቢዮ ይውረድ» ሲባሉም መካኒኩ እነዚህን ሙከራዎች በፊትዎ እንዲያደርግ ይጠይቁ።